ጥላን በፎቶግራፍ ማስቀረት

ጥላን የማያውቅ ሰው የለም። ይልቁንም በቆላ አገር የሚኖር ሰው ጥላን እንደ ውኃ ይፈልገዋል። በአዋሽ አርባ ፀሐይ በበረታች ጊዜ ሰውም ከብቱም ወደ ግራር ሥር ይሰበሰባል። ጥላው ሲዞር ሰውም አብሮ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ጥላን የምናስበው ብዙ ጊዜ እንደ መጠለያ ብቻ ነው።

ጥላ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነው። ሰዓትን ይናገራል። ወርን ይናገራል። የዛፍን ቁመትና የስንጥቅን ጥልቀት ያሳውቃል። ፊደል ከመቁጠራችን በፊት የመጽሐፍ ገጽ ስናይ ጥቁር ጥቁር ምልክት ብቻ ይታየን ነበር። ማንበብ ስንማር ግን ያው ምልክት መናገር ጀመረ። ጥላም እንደዚሁ ነው። ማንበብ ለሚያውቅበት ሰው ይናገራል።

ችግሩ ጥላ አይቆይም። አሁን ያየነው ጥላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦታውን ለቆ ይገኛል። ፎቶግራፍ ግን ያስቀረዋል። ዛሬ ብዙ ገበሬና አርብቶ አደር ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ይይዛል። ስለዚህ ጥላን አይቶ ማለፍ ብቻ ሳይሆን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥም ይቻላል። ይህ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚጠቅም ቀጥለን እንመለከታለን።

ጥላ እንዴት ይፈጠራል?

ብርሃን የሚጓዘው በቀጥታ ነው። መንገዱ ላይ ዛፍ፣ ሰው ወይም ግድግዳ ሲያጋጥመው ዞሮ አያልፍም። ከዛፉ ጀርባ ያለው መሬት የፀሐይ ብርሃን ሳይደርሰው ይቀራል። ያንን ብርሃን ያልደረሰው ቦታ ነው ጥላ የምንለው።

የጥላ ጠርዝ አንዳንድ ጊዜ በቢላዋ እንደተቆረጠ ጥርት ይላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይደበዝዛል። ለምን? ፀሐይ ከሩቅ ትንሽ ብትመስልም ነጥብ አይደለችም፤ ስፋት አላት። ብርሃንዋ ከአንድ ጎኗም ከሌላው ጎኗም ይመጣል። ስለዚህ ጥላ የሚጥለው ነገር ከመሬት እየራቀ በሄደ ቁጥር የጥላው ጠርዝ እየደበዘዘ ይሄዳል። ልኩም ይታወቃል። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ከመሬት 1 ሜትር የራቀ ነገር የጥላው ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል።

ይህን በቤት መሞከር ቀላል ነው። በፀሐይ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈን እጃችንን ወደ ጨርቁ እናስጠጋ። ጣቶቻችን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እጃችንን ከፍ ስናደርግ ግን የጣቶቻችን ጥላ እየተቀላቀለ ይሄዳል። የግራር ቅርንጫፍም እንደዚሁ ነው። ለመሬት የቀረበው እሾህ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከላይ ያለው ይደበዝዛል።

ፎቶግራፍ ምን ማለት ነው?

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክኛ ነው። ትርጉሙም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። እኛ በቀለም እንጽፋለን፤ ካሜራ ደግሞ በብርሃን ይጽፋል። ብርሃን በካሜራው ትንሽ ዓይን በኩል ይገባና ውስጥ ባለው ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ ላይ ያርፋል። ብዙ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ነጭ ይሆናል። ጥቂት ብርሃን ያረፈበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። እንግዲህ ጥላ ለካሜራ እንደ ቀለም ነው ማለት ይቻላል። ጥላ የሌለበት ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ከሜዳው አይለይም።

እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት በካሜራ የተነሱ ፎቶግራፎች ሁሉ የመጀመሪያው የተነሳው በፈረንሳይ አገር ነው። ያነሳውም ኒሴፎር ኒየፕስ የተባለ ሰው ሲሆን፣ ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 1826 ወይም 1827 ነበር። ሰውየው ካሜራውን በቤቱ መስኮት አቁሞ የግቢውን ቤቶች አነሳ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሰሌዳ ብርሃን የሚቀበለው በጣም በዝግታ ነበር። ስለዚህ ካሜራው ለብዙ ሰዓታት ተከፍቶ ቆየ። በዚህ መካከል ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዞረች። በፎቶግራፉ ላይ ፀሐይ በግቢው በግራም በቀኝም ያሉትን ግድግዳዎች ስታበራ ትታያለች። በአንድ ቅጽበት ይህ አይሆንም። ምስሉ አንድን ሰዓት ሳይሆን ረጅም ጊዜን ይዞ ቀረ። የዛሬው ስልክ ግን ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያነሳል። ጥላውንም በዚያች ቅጽበት እንዳለ ይይዘዋል።

በረዶ ባለበት አገር

ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች በክረምታቸው ወራት በረዶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ይወርዳል። መሬቱን፣ ጣሪያውን፣ ዛፉን ሁሉ ያለብሰዋል። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ከቤታቸው ሳይርቁ፣ በግቢያቸው ውስጥ፣ በበረዶ ላይ ያረፈውን ጥላ ፎቶ ማንሳት ይወዳሉ። ለዚህም ሁለት ምክንያት አላቸው።

አንደኛው፣ በረዶ ነጭ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ፊደል ጎልቶ እንደሚነበብ ሁሉ በበረዶ ላይም ጥላ ጎልቶ ይታያል። ሣርና ድንጋይ ጥላውን አይበጣጥሱትም።

ሁለተኛው፣ በክረምታቸው ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በስዊድን አገር፣ በስቶክሆልም ከተማ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ በቀትር ጊዜ 1 ሜትር ዘንግ ብናቆም ጥላው 8 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በቀትር! ስለዚህ እነርሱ ቀኑን ሙሉ ረጅም ጥላ አላቸው።

በበረዶ ላይ ያረፈ ጥላ በደንብ ሲታይ ጥቁር አይደለም፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ምክንያቱም ወደ ጥላው የፀሐይ ብርሃን ባይገባም የሰማዩ ብርሃን ይገባበታል። ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ ነጩ በረዶ ያንኑ ቀለም መልሶ ያሳያል።

በረዶን ፎቶ በማንሳት ከታወቁት ሰዎች አንዱ ገበሬ ነበር። ስሙ ዊልሰን ቤንትሊ ይባላል። በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል መንደር ይኖር ነበር። እናቱ መምህርት የነበረች ሴት ስትሆን አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ሰጠችው። ማይክሮስኮፕ በዓይን የማይታየውን ጥቃቅን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቤንትሊ ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገጣጥሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 አንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። እስከ ሞተበት እስከ 1931 ድረስ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን አንስቷል። እርሻውን ሳይተው፣ ከመንደሩ ሳይርቅ፣ በቤቱ የሚያገኘውን ነገር በትዕግሥት ስለተመለከተ ለዓለም ዕውቀት ጨመረ።

በእኛ አገር ነጭ መሬት የት ይገኛል?

አዋሽ አርባ ላይ እንዲህ ያለ በረዶ አይወርድም። በአፋር ምድር ግን እንደ በረዶ የነጣ መሬት አለ፤ እርሱም ጨው ነው። በሰሜን በዳሎልና በአሳሌ ሐይቅ አካባቢ ጨው እንደ ድንጋይ ተፈልጦ በግመል ይጫናል። አሞሌ የሚባለው ይኸው ነው። በአፍዴራ ደግሞ የሐይቁ ውኃ በፀሐይ ደርቆ ጨው ይወጣዋል። እዚያ ሜዳ ላይ የቆመ ግመል ጥላው ከነአንገቱ፣ ከነሻኛው ተስሎ ይታያል። ጥላውም እንደ በረዶው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ጨው ሜዳ ድረስ መሄድ ግን ግድ አይደለም። በቤታችን ነጭ ነገር አይጠፋም። አንሶላ ወይም ነጠላ መሬት ላይ ማንጠፍ ይቻላል። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ካለ እርሱም ጥሩ ነው። የደረቀ፣ ሣር የሌለበት ደልዳላ ግቢም ይበቃል።

መቼ እናንሳ?

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። አዋሽ አርባ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ ወደ አናታችን ትጠጋለች፤ ጥላውም ያጥራል። እንዲያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች። አንዱ ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ነው። በእነዚህ ቀኖች ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። ግርማ የሌለውን ሰው “ጥላ ቢስ” ብለው ሲሰድቡት እንሰማለን። በዚያች ደቂቃ ግን ባለጸጋውም ድኻውም ጥላ ቢስ ነው!

ልክ በ6 ሰዓት ያልሆነው ለምንድን ነው? የአገራችን ሰዓት ለሁሉም ቦታ አንድ ነው። ፀሐይ ግን በምሥራቅ በኩል ያለውን አገር ቀድማ ታልፍና ነው ወደ አዋሽ አርባ የምትመጣው።

በሰመራ ከተማ ይህ ቀን ሌላ ነው። ሰመራ ከአዋሽ አርባ በስተሰሜን ስለሆነች ፀሐይ እዚያ አናት ላይ የምትደርሰው ሚያዝያ 13 እና ነሐሴ 15 ቀን ገደማ ነው። በታኅሣሥ 12 ቀን በቀትር የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ በአዋሽ አርባ 64 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በሰመራ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ልዩነት የሚመጣው ምድር ክብ ስለሆነች ነው። በሁለቱ ከተሞች ያሉ ዘመዳሞች በአንድ ቀን የዘንግ ጥላ ፎቶ አንስተው ቢላላኩ ይህን በዓይናቸው ያዩታል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በበጋ የቀትር ጥላችን የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው። ከሚያዝያ 5 እስከ ነሐሴ 23 ድረስ ግን ወደ ደቡብ ይወድቃል። የጥላውን አቅጣጫ የሚያስተውል ሰው ካሌንደር ባይኖረውም ወራቱን ይገምታል። አባቶቻችንም በጥላ ይጠቀሙ ነበር። በደጋው አገር ሰው ጥላውን በእግሩ እየለካ ሰዓት ያውቅ ነበር። በእስልምናም የዙህርና የዓስር ሶላት ጊዜ የሚታወቀው ጥላ እንዴት እንደረዘመ በመመልከት ነው።

እንግዲህ ጥሩ ጥላ ለማንሳት ቀትርን መተው ይሻላል። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊትም እንደዚሁ ነው። ስዊድኖች በበረዷቸው ወራት ቀኑን ሙሉ የሚያገኙትን ረጅም ጥላ እኛ ጠዋትና ማታ እናገኘዋለን። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ስለሚል ጥላው ይደምቃል።

እንዴት እናንሳ?

አንደኛ፣ የስልኩን ዓይን በለስላሳ ጨርቅ እንጥረግ። አቧራ የያዘ ካሜራ ጥላውን ያደበዝዛል።

ሁለተኛ፣ ፀሐይን በጎናችን አድርገን እንቁም። ከኋላችን ከሆነች የራሳችን ጥላ ምስሉ ውስጥ ይገባል። ፀሐይን በዓይን ማየትም ሆነ ካሜራውን ወደ ፀሐይ ማዞር ጉዳት አለው።

ሦስተኛ፣ ብርሃኑን እናስተካክል። ካሜራ ያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው ይመስለዋል። ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ነጩ ጨርቅ ወይም ጨው አመድ መስሎ ይወጣል። በብዙ ስልኮች ስክሪኑን በጣት ስንነካው ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይወጣል። ምልክቷን ወደ ላይ ስንገፋት ምስሉ ይነጣል፤ ወደ ታች ስንገፋት ይጨልማል። ነጩ ነጭ እስኪሆን ድረስ ብቻ ከፍ እናድርጋት።

አራተኛ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እንጻፍ። መጻፍ ተምረን የለ? ቀን የሌለው ፎቶግራፍ ኋላ ምስክር አይሆንም።

ምን ይጠቅመናል?

ጥላ ቁመት ይለካልናል። 1 ሜትር ዘንግ ከዛፉ አጠገብ እናቁምና ሁለቱንም ጥላዎች በአንድ ሰዓት እንለካ። የዘንጉ ጥላ 2 ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 12 ሜትር ቢሆን፣ ጥላው የቁመቱ ሁለት እጥፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 12ን ለ2 እናካፍላለን። የዛፉ ቁመት 6 ሜትር ነው። ዛፍ ላይ መውጣት አላስፈለገንም።

የሰው ፊት በምናነሳበት ጊዜም የጥላ ዕውቀት ይጠቅማል። በቀትር የተነሳ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ይሸፈናል፤ መልኩም አይለይም። ሰውየውን ወደ ግራር ጥላ ወይም ወደ በር አፍ ብናስጠጋው ፊቱ በእኩል ይበራል። የታመመች ፍየል ቁስል ወይም ተባይ የበላው የማሽላ ቅጠል አንስተን ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለግብርና ባለሙያ ስንልክም እንደዚሁ ነው። ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ከሆነ ባለሙያው የሚፈልገውን አያይም።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው የመሬት ስንጥቅ ነገር ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከመሬት ሥር የቀለጠ ዐለት በመንቀሳቀሱ ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች፤ በብዙ ቦታም ተሰነጠቀች። ቤቶች ፈረሱ። በአፋርና በኦሮሚያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስንጥቁን ያየ ሰው በስልኩ አንስቶ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ማሳወቁ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶግራፉ ግን መናገር አለበት።

ስንጥቁ በቀትር ከተነሳ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ጠርዙ ጥላ አይጥልም። ለባለሙያው ተራ የደረቀ ጭቃ ይመስለዋል። በጠዋት ወይም በማታ ከተነሳ ግን አንዱ ጠርዝ ሲበራ ሌላው በጥላ ይሞላል፤ ጥልቀቱም ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆው ያሉት ስንጥቆች አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ተነሥተው ወደ ሰሜን፣ ትንሽም ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብለው ይሄዳሉ። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ስለምታቋርጣቸው ጥላው ያጎላቸዋል። ከስንጥቁ ራቅ ብለን ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ መሬት ላይ አጋድመን አብሮ እንዲነሳ ብናደርግ ስፋቱን መገመት ይቻላል። ወደ ጠርዙ መጠጋት ግን አይገባም። መሬቱ ከሥሩ ሊከዳ ይችላል። ፎቶግራፍ ከሕይወት አይበልጥም።

አንድ መጠንቀቂያም አለ። ጥላ የማያነበውን ሰው ያሳስታል። ዓይናችን ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ የሚመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ የጉድጓድ ፎቶግራፍ ተገልብጦ ሲታይ ጉብታ ይመስላል፤ ጉብታውም ጉድጓድ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከጎኑ ድንጋይ እናስቀምጥ። የድንጋዩ ጥላ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ይናገራል። ይሻላል ከተባለም ያንኑ ቦታ ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ እናንሳ። ጥላው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲዛወር ጉድጓዱ ጉድጓድ መሆኑን ማንም ይረዳል።

በአጭሩ ጥላ ብርሃን የሌለበት ቦታ ቢሆንም ዕውቀት ያለበት ቦታ ነው። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ፀሐይ የት እንዳለች፣ ጥላውም የት እንደወደቀ አንድ ጊዜ እንመልከት። ያነሳነው ምስል ለእኛም ለሌላውም የሚነበብ የሚሆነው በዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እጃችንን ከነጭ ጨርቅ ስናርቅ የጥላው ጠርዝ ለምን ይደበዝዛል?

2. በአዋሽ አርባ በቀትር ጥላ የሚጠፋው መቼ መቼ ነው? በሰመራስ?

3. የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 3 ሜትር ሲሆን የአንድ ግራር ጥላ 15 ሜትር ሆኖ ተገኘ። የግራሩ ቁመት ስንት ነው?

4. የመሬት ስንጥቅ ፎቶግራፍ በቀትር ቢነሳ ምን ይጎድለዋል?